ነፋስ የሌለው ኦርጋን

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 11

ኢስራ፣ ጫማሽን ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። አትቆጪ። አክስታችን ጽጌወይን ናት፤ በክፋትም አይደለም። እማ እንዳታያቸው ብላ ልብሶችሽን በሙሉ በትልልቅ ጥቁር ላስቲክ ሞልታ ወደ መኪናዋ አወጣች። የሄደ ሰው ልብስ ቤት ውስጥ ከቆየ ሐዘን ያድሳል ትላለች። እኔ ላፕቶፑ ላይ የሂሳብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ካሜራዬ ክፍት ስለነበር አልተነሳሁም። ብነሳ ኖሮ ጫማውን አወጣው ነበር፤ ያን ጥቁር፣ ሶሉ ስስ የሆነውን፣ የኦርጋኑን የእግር መርገጫዎች ስትጫወቺ ብቻ የምታደርጊውን። ለምን አልተነሳሁም?

ደብተሩን የጀመርኩት የትምህርት ቤቱ አማካሪ የሚሰማህን ጻፍ ስላለችኝ ነው። በምን ቋንቋ እንደሆነ አልነገረችኝም። አባ ቅዳሜ ቅዳሜ የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፈን ሁሌም የምትበልጪኝ አንቺ ነበርሽ። በአማርኛ ከጻፍኩት ስሕተቴን ለማረም ስትይ ታነቢው ይሆናል።

አንድ ጊዜ በግልጽ ልጻፈውና ልገላገል። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ሳል ጀመረሽ። የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ግማሹ ታሞ ነበር። ሜዲካል ዲስትሪክት ያለው ሆስፒታል ስትገቢ ማንም አብሮሽ እንዲገባ አልተፈቀደም፤ አባ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ውጭ አደረ። ከገና በፊት ሞትሽ። ሃያ ዓመትሽ ነበር። ለቅሶው በዙም ሆነ። ሰዎች ምግብ በራችን ላይ አስቀምጠው ይመለሱና መኪናቸው ውስጥ ሆነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። እማ መስኮቱ ጋ ቆማ ራሷን ዝቅ ታደርግላቸዋለች።

እማ ከል ለብሳለች። ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ የለም፤ መዝሙርም ቢሆን። ፓስተሩ ደውሎ አማኝ እንዲህ አያዝንም ቢላት፣ እኔ የያዝኩት የእናቴን ልማድ ነው፣ ዓመት እስኪሞላ ከቤቴ ድምፅ አይወጣም አለችው። ኪቦርድሽ ጋራዥ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆሟል።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14

ሚስስ ኪልመር ደወሉ። አንቺን ያስተማሩሽ ሴትዮ፣ ጠዋት ለአሜሪካኖቹ ኦርጋን ተጫውተው ከሰዓት እኛ ሐበሾቹ ስንገባ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉን።

ቤተ ክርስቲያኑ ካለፈው ማርች ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ለፋሲካ፣ ኤፕሪል 4፣ ሊከፈት ነው። ያን ዕለት የሬንዝን መዝሙር አንቺ ልትጫወቺ ነበር። የእሳቸውን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ቀላል ቀላሉን እንጂ እሱን አይችሉም። ከውጭ ሰው ማስመጣት አልፈልግም፣ አንተ ተጫወተው አሉኝ።

እኔ እጀታ ጎታች ነኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም አልኳቸው። አንቺ ስትጫወቺ ድምፁን የሚቀይሩትን የእንጨት እጀታዎች ከመጎተትና ገጽ ከመግለጥ በቀር ምን ሠርቻለሁ? ፒያኖ ተምረሃል አሉ፤ ሁለት ዓመት አጠገቧ ተቀምጠህ ያን መዝሙር ከእኔ የበለጠ ሰምተኸዋል አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እምቢ ለማለት አፍሬ ነው።

ሳሎን ስገባ እማ ቲቪውን ድምፁን አጥፍታ የአየር ሁኔታ ታያለች። ምንም አልነገርኳትም።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 17

እንዳልረሳው፣ ሬንዝን አንቺ እንደነገርሽኝ ልጻፈው።

ሲግመንድ ሬንዝ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ ጀርመን አገር፣ በአንድ ትንሽ መስፍን ቤተ መንግሥት የኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ትልቅ ሹመት ይመስላል። አንቺ ግን "እንደ አባ ካዚኖ ነው የሚሠራው" ትይኝ ነበር። ዩኒፎርም ለብሶ ከአሽከሮቹ ጋር ይበላል። ጌታው ሲደሰት ቲፕ ያገኛል። ደመወዙ ግማሹ እህልና ማገዶ ነው፤ ማገዶው ሲዘገይበት ለመስፍኑ አቤቱታ ይጽፋል፤ አቤቱታውም በታላቅ ትሕትና ይጀምርና ጣቶቼ ደርቀዋል ብሎ ያልቃል። መስፍኑ ምሳ ሲበላ ይጫወታል፣ የመስፍኑን ሴት ልጆች ያስተምራል፣ ለየሰንበቱ አዲስ ነገር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ ስለ አንድ የሰፈራችን ሰው የምታሚ ነበር የምትመስይው።

ከዚያ መስፍኑ ሞተ። በዚያ አገር ልማድ ጌታ ሲሞት ሙዚቃ በአዋጅ ይቆማል፤ በግብርም፣ በሠርግም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ ዓመት ሙሉ። "ልክ እንደ እማ አገር" አልሽኝ። ያኔ ሳቅን።

ዘማሪዎቹና ረዳቶቹ ተበተኑ። በዚያ ዘመን ሞተር የለም፤ ኦርጋኑ ነፋስ የሚያገኘው ከኋላው ቆመው ትልልቅ ወናፎች በእግራቸው ከሚረግጡ ሰዎች ነው። እነሱም ወደ ቤታቸው ተላኩ። ሬንዝ ብቻውን ቀረ። ነፋስ የሌለው ኦርጋን ላይ እየተቀመጠ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ከረመ። ያቺን መዝሙር በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የደረሳት። ሳይሰማት።

ወናፌ የምትይኝ ከዚያ ወዲህ ነው።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 23

በብስክሌት ሄድኩ። የበሩ ቁልፍ ሚስስ ኪልመር እንዳሉት ከቁልቋሉ ሥር ካለው ድንጋይ በታች ነበር። ውስጡ ይበርዳል። ወንበሮቹ ላይ ከመዘጋቱ በፊት የታደለው የመጨረሻው ሰንበት ወረቀት እንዳለ ነው።

ጫማዬን አውልቄ በካልሲ መቀመጫሽ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቴን የሞተሩ ማብሪያ ላይ አድርጌ ቆየሁ። የእማ ቃል መጣብኝ። "ከቤቴ" ነው ያለችው፤ ይሄ ቤቷ አይደለም። ግን ያው ነው።

አላበራሁትም። እንደ ሬንዝ አደረግሁ።

ያለ ነፋስ ሲነኩ የእጅ ቁልፎቹ ኳ ኳ ይላሉ፤ የእግሮቹ ደግሞ ሩቅ ቤት ውስጥ በር እንደሚዘጋ። የመጀመሪያውን ክፍል እየተንቀራፈፍኩ ጨረስኩት። ከዚያ፣ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለቱም እጆች የሚነሱበት ቦታ አለ፤ ግራ እግር ብቻውን አንድ ድምፅ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። "እዚህ ጋ ሬንዝ እንቅልፍ ወስዶታል" የምትይበት ቦታ። እኔም ከጎንሽ ሥራዬን እየሠራሁ እስቅ ነበር። ዛሬ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እውነትም ረጅም ነው።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

በጥድፊያ። በምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የእጅ ቁልፎቹን ልክ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ ወለሉ ላይ የእግሮቹን። ክፍል ውስጥ ሆኜም እግሬን አለማምዳለሁ፤ ካሜራው የሚያየው ከወገቤ በላይ ነው። የታሪክ አስተማሪዬ ለምን እንደምወዛወዝ ጠየቀኝ።

እማ ከጠየቀችኝ የሳይንስ ፕሮጀክት ነው እላታለሁ። አልጠየቀችኝም። ዛሬ ወለሉን ስትወለውል ፕላስተሮቹ እንዳሉ ቀርተዋል። አላስተዋለቻቸውም።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 11

አክስቴ ገንዘቤ የምትባል ልጅ ይዛ መጣች። አታውቂያትም። በዲቪ የመጣች ናት፣ ኮሮና በሩን ከመዝጋቱ ትንሽ ቀደም ብላ። ስትሪፕ ላይ፣ ካዚኖዎቹ መሃል፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ታነሳለች። የጋራዡን በር ከፍተን፣ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። ከእግሯ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

"ሊውልዬ፣ ምን ታያለህ?" አለችኝ ገንዘቤ።

ጫማውን አልኳት። ጫማው ቀላል ነው፣ ለረጅም ሺፍት እንደሱ የሚመች የለም አለች፤ ችግሩ ቅባት ያለበት ወለል ላይ ያዳልጣል፤ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ትሪ ይዛ ከአንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም። አክስቴ ሳቀች። እኔ፣ ይሄ ለመራመጃ አይደለም፣ እኅቴ በእግሯ የምትጫወትበት ነው አልኩ።

"በእግር?" አለች ገንዘቤ። ከዚያ እግሮቿን ቀስ ብላ ወንበሩ ሥር ሰበሰበች። እማ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ተመልሳ አልወጣችም። ገንዘቤ ሻይዋን አልጨረሰችም።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ለሰው የተሰጠ ነገር አይነሳም። እሷ ምን አጠፋች?


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሚስስ ኪልመር ቀድተህ ላክልኝ አሉ። እንዴት እየሆነልህ እንደሆነ ልስማው አሉ። የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል አልኳቸው። ይህን ያልኳቸው በዚያው ስልክ ነው። "ይገባኛል" አሉ።

አንቺ ብትሆኚ የተሻለ ትዋሺልኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 27

አባ ዛሬ በመኪና አደረሰኝ። ካዚኖው ቀኖቹን ስለቀነሰበት ቅዳሜ ቤት ነው የሚውለው። ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ አለኝ። ስወጣ መኪናው ጥሎኝ በሄደበት ቦታ ነበር፤ በዚያ ብርድ መስኮቶቹ በሙሉ ወርደዋል። ከውስጥ እኮ ምንም አይሰማም። የገዛውም ነገር የለም።

"ጨረስክ?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ለጸሎት የምሄድ ይመስለዋል። ቀይ መብራት ላይ መሪውን በጣቱ ይመታ ነበር። ደክሞታል።

ማታ አክስቴ በስፒከር ከእማ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ጠረጴዛ የሚያንኳኳ ልጅ አንድ ነገር ሆኖ ነው፣ ሐኪም ይየው ትላለች። እማ ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ? "ተይው እትዬ። እኔ እየቆጠርኩለት ነው።" ምኑን እንደምትቆጥር አልገባኝም። የአንቺን ቀን ይሆናል።

ወለሉ ላይ የግራው ትልቁ ፕላስተር ተልጦ ነበር፤ ተመልሶ ተለጥፏል። አባ መሆን አለበት።


ቅዳሜ፣ ማርች 6

ዛሬ የሆነውን በሙሉ ልጻፍ።

ኦርጋኑ ላይ ነበርኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ያለ ሞተር። የመጀመሪያውን ክፍል ልጨርስ ስል ከኋላዬ "ሦስተኛው መስመር ላይ ግራ እግርህ ይዘገያል" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከመቀመጫው ልወድቅ ነበር። ሚስስ ኪልመር፣ ሁለት ማስክ ደርበው፣ የክረምት ኮፍያ አድርገው መሃል መተላለፊያው ላይ ቆመዋል። ሁለተኛውን ክትባት ወስደው ሁለት ሳምንት ስለሞላቸው ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያ መንገዳቸው ወደዚህ ነበር። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ከኳኳታው ብቻ የትኛው እግሬ እንደዘገየ አውቀዋል።

ስለ ማይኩ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። የእማን ነገር ነገርኳቸው፤ ስለ ከሉ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ጠረጴዛው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው "ከመጀመሪያው ጀምርልኝ" አሉ። እንዳለ ያለ ነፋስ ተጫወትኩላቸው፤ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ኢስራ፣ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን ሰሙት።

ከዚያ አንቺ ያልነገርሽኝን ነገሩኝ። የሬንዝ ዝምታ ዓመት አልሞላም። በዚያው ዓመት በጾሙ ወቅት አንድ ወናፍ ረጋጭ ተጠርቷል። አንድ ብቻ፤ ዘማሪዎቹም ረዳቶቹም አልተጠሩም። ያዘዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

"ኢስራ ያዘዘችው የሬንዝ ሚስት ናት ትል ነበር" አሉ። "እኔ ደግሞ የመስፍኑ መበለት ናት እላለሁ። በዚህ ስንጨቃጨቅ አንድ ሙሉ ትምህርት አልፎብናል።"

ሬንዝ እንቅልፍ ስለወሰደው ቦታም ጠየቅኳቸው። ማስካቸው ሲነሳ አየሁት፣ ሳቁ መሰለኝ። ራሷ እንድታገኘው ብዬ ዝም አልኳት፣ አንተም ድምፁን ሳታወጣ አታገኘውም አሉኝ።

ሲሄዱ ደግሞ እናትህን ጠይቃት አሉ። በእንግሊዝኛ ሲሉት ቀላል ነው።


እሑድ፣ ማርች 14

እማ ትሠራበት የነበረው ሆቴል መልሶ ጠራት። የስትሪፕ ክፍሎች እየሞሉ ነው፤ ከማርች 29 ጀምሮ የጠዋት ሺፍት። ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ስልክ ነው። ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ነው።

እማ ከሌን በገዛ እጄ አላወልቅም አለች። አባ አላስገድድሽም አለ፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ የሌለ አበባ ውኃ አጠጣ። ራት ላይ እኔ እግሬን ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተሩ ላይ አድርጌ ነበር፤ ሳላስበው ሁለተኛውን ክፍል ጀመርኩ። እማ ቀና ብላ አየችኝ። ቆምኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ወጥ እንድጨምርላት መስሎኝ አቀበልኳት።


ቅዳሜ፣ ማርች 20

የፋሲካው ወረቀት ሊታተም ነው። የተጫዋቹ ስም ያስፈልጋል። ሚስስ ኪልመር እናትህን ጠየቅሃት ወይ አሉ። ዛሬ ማታ አልኳቸው።

ዛሬ ማታ እማ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ቆምኩ። አንሶላውን በአንድ በኩል ያዝኩላት። ስናጥፍ ተጠጋን፣ ተራራቅን፣ ተጠጋን። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሥራዋን ለማጣት እስክትቃረብ ከል የያዘችን ሴት ሰው በተሞላ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ልጫወት ብዬ እንዴት እጠይቃታለሁ? የሞትሽው አንቺ፣ ስም በወረቀት የሚታተምልኝ እኔ።

ማክሰኞ ደውዬ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።


ማክሰኞ፣ ማርች 23

ደወልኩ። ይቅርብኝ ልል አፌን ስከፍት ሊውል የሚጻፈው እንዴት ነው አሉኝ። ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። ፈሪ ነኝ፤ እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም።


እሑድ፣ ማርች 28

ዛሬ ከሰዓት አክስቴ ጽጌወይን መጣች፤ ገንዘቤም አብራት። አክስቴ ሰላም ካለችን በኋላ ቀጥታ እማ ፊት ቆመች። የለቅሶው ዕለት ጥቁሩን ሻሽ በራሷ እጅ ያሰረችላት እሷ ነበረች።

"በእኔ እጅ ለብሰሽዋል፣ በእኔ እጅ ታወልቂዋለሽ" አለቻት። "ተቀመጪ፣ ፋናዬ።"

እማ ተቀመጠች። አክስቴ ሻሹን ፈታችው። ከሥሩ የእማ ፀጉር ግንባሯ ላይ ነጭ ሆኗል፤ አላየሁትም ነበር። ግራጫ ሻሽ አሰረችላት። እማ ያለቀሰችው ትንሽ ነው። ከዚያ ካውያ አምጡልኝ አለች፣ ዩኒፎርሙን ልትተኩስ።

ገንዘቤ አንድ ከረጢት ሰጠችኝ። ጫማሽ ነው። ተወልውሎ፣ ውስጡ ወረቀት ተጠቅጥቆበት። ለእሷ የማያዳልጥ ተገዝቶላታል። እኔ በነገሩ አፍሬ፣ መመለስ አልነበረብሽም፣ ያን ቀን የተናገርኩት ሳላስብ ነው አልኳት።

"አንተ አይደለህም የጠየቅከኝ" አለች። "እናትህ ናት የደወለችልኝ። ያኔውኑ፣ በማግስቱ።"

አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለምን ቸኩላ እንደሰጠችው ያን ጊዜ ወጣ። እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል፦ "እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዳንስ ጫማ መስሎኝ ነው። ልጅቷ ተደብቃ ትጨፍራለች ብዬ ሰው ሳያይ ከቤት ላውጣላት አልኩ።"

መጀመሪያ የሳቀው አባ ነው። ከዚያ እማ። ካውያውን አስቀምጣ፣ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። በዚህ ቤት የእማንና የአባን ሳቅ ስሰማ ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለአክስቴ ስምሽን ለማዳን የደከመችው ድካም ይቆጠርላት።


ሰኞ፣ ማርች 29

እማ ዛሬ ወጣች። ሰማያዊውን ለብሳ፣ ስሟ የተጻፈበትን ባጅ ደረቷ ላይ እያቃናች በሩ ጋ ቆመች። አባም የጠዋት ሺፍት ተመልሶለታል፤ እሷን አድርሶ እሱም ይገባል። መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ትምህርት እረፍት ነው፣ እኔ በፒጃማ።

"ወለሉ ላይ ያለውን ፕላስተር ላንሳው" አለችኝ፣ "ወይስ ገና ነህ?"

"ገና ነኝ" አልኳት።

"እንግዲያው ጠረጴዛዬን ተውልኝ። ሄደህ ድምፁን አውጣው።"

ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ለፋሲካ ኦፍ መጠየቋን ነገረችኝ። የሺፍት አለቃዋ፣ ገና ሥራ ሳትጀምር ኦፍ የምትጠይቅ ሴት አይቼ አላውቅም ብሏታል። የፋሲካውን ነገር ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። አባ ክላክስ አደረገ፤ ሄደች።

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ትንሽ ፈራሁ። የሻይ ብርጭቆዎቹን አጠብኩ። እማ ስትቆምበት የከረመችውን መስኮት መጋረጃ እስከ ዳር ከፈትኩት። ክፍልሽ ገብቼ ወጣሁ። ከዚያ ጫማሽን በቦርሳዬ ይዤ በብስክሌት ወጣሁ። መንገዱ ላይ ወደ ስትሪፕ የሚሄዱት መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ እንደዚያ ሞልቶ ካየሁት ቆይቷል። አዲስ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ጣሪያ ላይ ሆነው በስፓኒሽ ይጠራራሉ።

ከድንጋዩ ሥር ቁልፉን አወጣሁ። ጫማሽን መቀመጫው ላይ በቀኝ በኩል፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ለእኔ እግር አይገባም። በካልሲ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አበራሁ።

ከግድግዳው ኋላ ነፋሱ ሲገባ ሰማሁት። ቧንቧዎቹ ዓመት ሙሉ ስላልተነፈሱ ሁለት ሦስቱ ትንሽ ጮኹ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ለስላሳ ድምፅ የሚያወጣውን እጀታ ጎትቼ የመጀመሪያውን ድምፅ ስነካ ደንግጬ እጄን አነሳሁ። ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በጣቴ የማውቀውን ነገር ጆሮዬ አያውቀውም ነበር።

እንደገና ጀመርኩ። ተሳሳትኩ፤ ብዙ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግራ እግሬ ዘገየ። ግን መዝሙሩ እሱ ነው፣ ሲሄድ አወቅሁት። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ሁለቱን እጆቼን አነሳሁ፤ ግራ እግሬ ያን ረጅም ድምፅ ይዞ ቀረ።

ሁለተኛው ክፍል ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁለቱ እጀታዎች መጎተት አለባቸው። ልማድ ሆኖብኝ ወደ ቀኝ ዞር አልኩ፤ ጫማሽ ብቻ ነው ያለው። የሚጎትት የለም። ስለዚህ ዘንበል ብዬ አንዱን ጎተትኩ፣ ሁለተኛውን ጎተትኩ፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ድምፁ አልተቋረጠም። እግሬ ይዞት ነበር።

ሬንዝ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ኢስራ። ረዳቶቹ ተበትነውበት፣ እጀታውን ራሱ መጎተት ነበረበት። ያን ረጅም ድምፅ የጻፈው ለእጁ ጊዜ ለመስጠት ነው። አንቺ ያላወቅሽው እኔ ስለነበርኩልሽ ነው።

እጆቼን ቁልፎቹ ላይ መለስኩ፤ ሁለተኛውንም ክፍል ጀመርኩ።